ከኋላ ወንበር ሥር የሚንኳኳው

በልጅነቴ የነበረኝ ጆሮ ዛሬም ቢኖረኝ ኖሮ መንግሥት ደሞዝ ቆርጦልኝ ድንበር ላይ ያስቀምጠኝ ነበር። ጉንዳን ሲያስነጥስ የሰማሁ ሰው ነኝ። እናቴ ይህን ስል በሰማች ቁጥር «ጉንዳን አያስነጥስም» ትላለች። እሷ ስላልሰማች ነው።

በዚህ ጆሮዬ ምክንያት ነው ገና ዘጠኝ ዓመት ሳይሞላኝ አባቴ ታክሲ ላይ የተቀጠርኩት። ትምህርቴ የጠዋት ፈረቃ ስለነበር ከምሳ በኋላ ሥራ እገባለሁ። ወንበሬ ከፊት፣ ከአባቴ ጎን ነው። እግሬ ወለሉን አይነካም፤ ሥልጣኔ ግን ጣሪያውን ይነካ ነበር። ሥራዬ ከኋላ የተቀመጠው ተሳፋሪ የሚለውን ጮክ ብሎ ለአባቴ መድገም ነው። «ሞተሩ ይጮሃል፤ ድገሚልኝ እስቲ» ይለኛል። የሰፈሩ ሰው ስሜን ትቶ «ሬዲዮ» ማለት የጀመረው ያኔ ነው። ሞተሩ እንኳ ያን ያህል የሚጮህ አልነበረም። እኔ ግን የገባኝ ሌላ ነው፦ አባቴ ነገር ከእኔ አፍ ሲወጣ ይጥመዋል።

ቢጥመውስ ምን ይገርማል። አንዲት ሴትዮ ከኋላ «ወደ ግራ» ካለች፣ እኔ ወደ አባቴ ዞሬ፣ «ሴትዮዋ እንዲህ ተደላድላ ሄዳ አታውቅም፤ ደስ ካለህ ወደ ግራ ታጠፍላት» እላለሁ። አባቴ በመስታወቱ ውስጥ ለሴትዮዋ ራሱን ዝቅ ያደርግላትና ይታጠፋል። ሴትዮዋ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሱን ታያለች። አንዳንዱ ተሳፋሪ ይስቃል፤ አንዳንዱ ዝም ይላል፤ «አላልኩም» ያለ ግን አልነበረም። ሲወርዱ አባቴ አመስግኗቸው ይሄዳል። ማታ እራት ላይ ለእናቴ፣ «የዘንድሮ ሰው ጨዋነቱ» ሲላት ይታወሰኛል።

አባቴ መስታወት የሚወድ ሰው ነበር። የሌላው መኪና ሦስት መስታወት ካለው የእኛ ሠላሳ ነበረው። እናቴ ስድስት ነው ትላለች፤ እሺ፣ ስድስት ይሁን። አንዱ ፀጉሯን የምታይበት የራሷ የእጅ መስታወት ነበር፤ በሽቦ ከጣሪያው ጋር አስሮት የተሳፋሪውን ፊት፣ በተለይ አፉን ያይበታል። እኔ ደግሞ ራሱን ማየት ስለሚወድ ነው ብዬ እርፍ። መልከ መልካም ነበርና አልፈረድኩበትም።

ቤት ውስጥ ግን ነገሩ ደስ አይልም። ከእናቴ ጋር ተኳርፈዋል። ከኋላው ቆማ ትጠራዋለች፤ ዝም። ደግማ ትጠራዋለች፤ ዝም። በመጨረሻ መጥታ ትከሻውን ነካ ስታደርገው ዘወር ብሎ፣ «ምነው፣ ጠራ ብታደርጊኝ አይሻልም?» ይላታል። እንዲህ ያለ ድርቅና ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። እናቴም የተልባ ፍሬ የሚያህል ፈገግታ ታሳየውና ወደ ምድጃዋ ትመለሳለች። ትዕግሥቷ ያናድደኝ ነበር። እኔ ብሆን በዱላ ነው የምጠራው እላለሁ በሆዴ።

መኪናዋ የእኛ አልነበረችም። ባለቤቷ ልብስ ስፌት ቤት ያላቸው፣ ደረታቸው ሰፊ፣ ቦርሳቸው ከደረታቸው የሰፋ ሴት ነበሩ። ሰው ሁሉ እትዬ ይላቸዋል። አባቴ መኪናቸውን ይነዳል፤ እሑድ እሑድ ደግሞ የወንድማቸው ልጅ ይወስዳታል። ይህ የወንድም ልጅ ቤት ውስጥም ጥቁር መነጽር ስለማያወልቅ መነጽሩ ይባላል። መኪናዋን ለዘለቄታው እንደሚመኛት ዓይኑ ባይታይም ይታወቅበት ነበር።

ታዲያ አንድ ቀን እትዬ ራሳቸው ተሳፍረው ስፌት ቤታቸው በር ላይ ሲወርዱ ዞረው መጡና በአባቴ መስኮት ትይዩ ቆሙ።

«ይህ ከኋላ የሚንኳኳው ምንድን ነው?»

አባቴ አፋቸውን አየ። «የቱ እትዬ?»

«የቱ ትለኛለህ? ስትነሳ ይመታል፣ ነዳጅ ስትለቅ ይመታል፣ ስትረግጥ ይመታል። የተቀመጥኩበት ሥር አንጥረኛ ያለ እኮ ነው የሚመስለው። ሾፌር ሆነህ ይህ ካልተሰማህ ሌላ ምን ይሰማሃል?»

አባቴ መሪውን በሁለት እጁ ያዘ።

«ነገ መንገድ እሄዳለሁ። ስመለስ ይህን ነገር ከሰማሁ ቁልፉን ለወንድሜ ልጅ አስረክብ። ተጣልተን አይደለም። መኪናዬ መንገድ ላይ ስትበታተን ማየት ስለማልፈልግ ነው።»

«እሺ እትዬ» አለ አባቴ።

እትዬ እንደገቡ መንገዱ ዳር ቆመን ቀረን። አባቴ መሪውን በሁለት እጁ እንደያዘ ነው። ያለዚያ መሪ አባቴ ምን እንደሚሆን ማሰብ አልቻልኩም፤ ከእሱ ጋር አብሮ የበቀለ ነበር የሚመስለኝ። እሱ ከተነቀለ ደግሞ የእኔም ሥልጣን አበቃ።

«ሬዲዮ፣ አንቺ ሰምተሽዋል?»

«ስንት ጊዜ» አልኩት። እውነት ነው፤ ጓ ይላል። ከኋላ ወንበር ሥር፣ አጠር ያለ፣ ወፍራም ጓ። ሥራዬ የተሳፋሪን እንጂ የመኪናን ወሬ መድገም ስላልነበረ ዝም ብዬው ነበር።

«ምን ዓይነት ነው? በደንብ ንገሪኝ።»

እዚህ ላይ አንባቢ ያስብልኝ። የዓለም ታላቅ ሾፌር ለእኔ ለልጁ «ንገሪኝ» ይለኛል። «ጓ ይላል» ብቻ ብሎ መመለስ ነውር አይሆንም? እኔ የገባኝ እየፈተነኝ እንደሆነ ነው፤ ሙያውን ሊያወርሰኝ ፈልጎ። ስለዚህ ከአንድ ጓ ሙሉ ማኅበር ሠራሁለት። መጀመሪያ ከፊት ወፍ ይጮሃል አልኩት። ቀጥሎ በር ይዘጋል። ከዚያ ሰው ያቃስታል፤ ሽማግሌ ሰው፣ ወገቡን የሚያመው።

አባቴ ዓይኑን ከከንፈሬ ሳይነቅል እያንዳንዷን ቃል ዋጠ።

*

ጋራዡ የጋሽ ጠመኔ ነው። ጋሽ ጠመኔ ከአባቴ በዕድሜ ከፍ ያሉ፣ ኪሳቸው በጠመኔ የነጣ መካኒክ ናቸው። የሚፈቱትን ሁሉ ሳይፈቱ በፊት በጠመኔ ያሰምሩበታል። ምሳ ዕቃቸው ላይ ሳይቀር መስመር አለ፤ ክዳኑ በመስመሩ ካልገጠመ አንድ የተራበ ከፍቶታል ማለት ነው።

አባቴ የነገርኩትን አንድም ሳያጎድል ነገራቸው። ወፉን፣ በሩን፣ ሽማግሌውን።

ጋሽ ጠመኔ ጆሯቸውን አከኩ። «አንተ ሾፌር ነህ ወይስ ገጣሚ?»

«እንደዚያ ነው የሚለው» አለ አባቴ።

ከፊት ነው ስላልን የማርሽ ሣጥኑን፣ የካምቢዮውን፣ የጎማ ትራስ ለወጡ። ጓ አለ። በር ይዘጋል ስላልን ደግሞ ከካምቢዮው ተነስቶ ወደ ኋላ ጎማዎች የሚሄደውን ረጅም ዘንግ፣ ካርዳኑን፣ አውርደው መጋጠሚያዎቹን በአዲስ ተኩ። ከጋራዡ ወጥተን ዞረን ተመለስን። ጓ አለ።

«አሁንስ?» አሉት ጋሽ ጠመኔ።

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። «ቀንሷል» አልኩ። «ሽማግሌው ተኝቷል።»

«እኔ አንተን እኮ ነው የጠየቅኩት» አሉት ለአባቴ። «ለምን ልጅቷን ታያለህ?»

አባቴ ጎንበስ ብሎ አሮጌውን መጋጠሚያ ያገላብጣል። ጋሽ ጠመኔ ለረጅም ጊዜ ጀርባውን ተመለከቱት። ከዚያ ቀስ ብለው ከኋላው ዞሩና ክንድ የሚያህለውን ቁልፍ አንስተው ባዶ የዘይት ጣሳ ውስጥ ለቀቁት።

እኔ ከመሬት ተነሳሁ። ከጣሪያው እርግቦች ተነስተው ወጡ። ከበየጆቹ፣ ከመካኒክ ረዳቶቹ፣ አንዱ በያዘው መብራት ራሱን መታ። አባቴ ግን ቅንድቡ እንኳ አልተነቃነቀም፤ መጋጠሚያውን እያገላበጠ ነው።

ጀግና ማለት ምን እንደሆነ የገባኝ ያን ቀን ነው። አንበሳ አጠገቡ ቢያገሳ የማይደነግጥ አባት አለኝ። ለትምህርት ቤት ልጆች ሳወራው ቁልፉን ቦምብ አደረግኩት።

ጋሽ ጠመኔ ከእጃቸው ይልቅ በቆሸሸ ጨርቅ እጃቸውን እየጠረጉ ቆይተው መጥተው በፊቱ ቆሙ። «ነገ አምጣት» አሉት፤ ቃላቱን ነጣጥለው፣ ቀስ ብለው። ከዚያ ወዲህ ፊት ለፊቱ ካልቆሙ አያናግሩትም። ለጀግና እንዲህ ነው አልኩ።

*

በማግስቱ ጠዋት ጋሽ ጠመኔ ቤታችን መጡ። ቅዳሜ ነበር። አባቴ ደጅ መኪናዋን ያጥባል። እኔ ደግሞ ሥራ ፈትቼ ሳይሆን ለጥበቃ ከበሩ ጀርባ ነበርኩ።

«መቼ ነው የጀመረው?» አሉ ጋሽ ጠመኔ።

«አምና ከታመመ ወዲህ ነው» አለች እናቴ። «እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄደ። አይነግረኝም። እኔም አልጠይቀውም። ታወቀብኝ ብሎ እንዳይሰበርብኝ።»

«እትዬ ግን ማወቅ አለባቸው። አንድ ቀን ጥሩንባ...»

«እሳቸውማ ካወቁ መኪናዋን ይወስዷታል።»

«አንድ በአንድ። መጀመሪያ ያን የሚንኳኳውን ያግኝ። እኔ ሳልሆን እሱ ራሱ ያግኘው፤ በገዛ እጁ። ያኔ አፉን ይከፍታል።»

ከዚህ ሁሉ የያዝኩት ሁለት ነገር ነው። መኪናዋ አምና ታማለች። ጥሩንባዋ ተበላሽቷል። አባቴ ሳያውቅ ሰው ሊገጭ ነው ማለት ነው። ሮጬ ወጣሁ፤ አባቴ የፊት መብራቱ ላይ ጎንበስ ብሎ በሳሙና ያሻል፤ በሌላው በር ገብቼ ጥሩንባውን በሙሉ ክንዴ ተጫንኩት።

ሰፈሩ ሁሉ ወጣ። ሌላ ሰፈርም ሳይወጣ አልቀረም። አባቴ መብራቱን አለቅልቆ ወደ ሁለተኛው ተሻገረ።

«ጥሩንባው ደህና ነው» አልኳቸው በሩ ላይ ለቆሙት ለሁለቱ። «ምንም አልሆነም።»

ዱላ ጠብቄ ነበር። እናቴ ግን መጥታ ጭንቅላቴን ሆዷ ላይ ለጠፈችና ያዘችኝ፤ እስክታፈን። ጥሩንባ በመመርመሬ የተደረገልኝ ነው ብዬ ተቀበልኩት።

*

ጋራዡ ስንደርስ ጋሽ ጠመኔ እጃቸውን ደረቴ ላይ አድርገው አቆሙኝ። «ዛሬ ጆሮ አንፈልግም። ጆሮ ወሬኛ ነው። እጅ አይዋሽም።»

እንዲህ ተሰድቤ አላውቅም። ሆኖም አልሄድኩም፤ ከጉድጓዱ ጫፍ ደረቴ ላይ ተኝቼ ቁልቁል አየሁ።

መኪናዋ ከጉድጓዱ በላይ ቆማለች። የእጅ ፍሬኑ ተስቧል፣ ማርሹ ነጻ ነው። አባቴና ጋሽ ጠመኔ ከሥሯ ቆመዋል፤ የዘይትና የእርጥብ አፈር ሽታ ይወጣል። ከኋላ ጎማዎቹ መሃል ሆዱ የተነፋ ብረት አለ፤ ዲፈረንሻል ነው የሚባለው፤ ካርዳኑ የሚያዞረውን ተቀብሎ ለሁለቱ ጎማዎች የሚያካፍል። ጋሽ ጠመኔ የአባቴን እጅ ያዙና ከዚያ ሆድ አጠገብ ካርዳኑ ላይ አስቀመጡት።

«አዙር።»

ዘንጉ ትንሽ በነጻ ሄደና ያዝ አደረገ። ጋሽ ጠመኔ በጠመኔ አሰመሩ።

«መልስ።»

ወደዚህም በነጻ ሄደና ያዝ አደረገ። እዚያም አሰመሩ። በሁለቱ መስመሮች መካከል አውራ ጣታቸውን አጋደሙት፤ አውራ ጣቱ ገብቶ ቦታ ተረፈው።

«ይህ ሁሉ የሚሄደው ጎማው ሳይነቃነቅ ነው» አሉት ፊት ለፊቱ ዞረው። «ጤነኛ ቢሆን የጥፍር ያህል ሄዶ ይይዝ ነበር። እንግዲህ የቱ ጋ ነው የላላው? እኔን አትየኝ። ጨብጠው።»

አባቴ አዲሱን መጋጠሚያ በሁለት እጁ ከግራና ከቀኝ ይዞ ጠመዘዘው። «እዚህ የለም» አለ። «አብረው ነው የሚሄዱት።» ካርዳኑን ወደ ላይና ወደ ታች ነቀነቀው። «እዚህም የለም። አንገቱ ጠንካራ ነው።» ከዚያ መዳፉን በዲፈረንሻሉ ሆድ ላይ ዘርግቶ በሌላው እጁ ዘንጉን ወዲህ ወዲያ አደረገው። ያቺ ጓ፣ ትንሽዬዋ፣ ከውስጥ መጣች። እኔ ከላይ ሰማኋት። አባቴ ግን ዓይኑን ጨፈነ።

«ውስጥ ነው» አለ። «ይመታኛል። መዳፌን ይመታኛል።»

ዘይቱን አፈሰሱ። ጥቁር ነበር፤ ጋሽ ጠመኔ በሁለት ጣታቸው ሲያሹት እንደ ዓሣ ቅርፊት ብልጭ ብልጭ አለ። ክዳኑን ፈቱ። አባቴ የትልቁን ማርሽ ጥርሶች በጣቱ አንድ በአንድ ዳበሰ፤ ደህና ናቸው። ከውስጥ ያሉት ትንንሾቹ ማርሾች ግን እንደ ሽማግሌ ጥርስ ተነቃነቁለት። እነሱን መሃል ለመሃል የምትይዝ የጣት ውፍረት ያላት ዘንግ አለች። ስትወጣ ወገቧ ተበልቶ ቀጥኗል፤ ውሻ የጋጠው አጥንት ነው የሚመስለው።

«እዚህ ነው» አለ አባቴ።

አለ ስል ጮኸ ማለቴ ነው። ጋራዡ ሁሉ ሥራ አቁሞ ዞረ። እኔ የድል ድምፅ መሰለኝ። ድልም ነበር፤ አባቴ ግን የራሱን ድምፅ ከፍታ ማወቅ ካቆመ ወራት አልፎት ነበር።

አዲሷ ዘንግ ስትገባ ጋሽ ጠመኔ ትንንሾቹን ማርሾች እያቀፉ በሚቀመጡት ስስ ቀለበቶች ላይ ከአባቴ ጋር ብዙ ተጨቃጨቁ። አባቴ ያጥብቁት አላቸው። «አይሆንም» አሉት። «ትንሽ ይላላ። ትንፋሽ ካላገኘ ይቃጠላል፤ ከዚያ የሚጮኸውን አንተም ትሰማዋለህ።» ይህን ብለው ቆም አሉ፤ ክፉ የተናገሩ ያህል። አባቴ አፋቸውን አይቶ ሳቀ። ያን ዓመት ሲስቅ ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር። በየጆቹም ሳቁ፤ እኔም ምኑ እንዳሳቀን ሳላውቅ ከሁሉም በላይ ሳቅኩ።

*

እትዬ ሲመለሱ ከፊት ተቀምጬ ጠበቅኳቸው፤ ነጩን ቀሚሴን ለብሻለሁ። ከኋላ ገቡ። ቦርሳቸውንም አስገቡ። አባቴ ተነሳ፤ ነዳጅ ለቀቀ፣ ረገጠ፣ ዳገት ወጣ፣ ቁልቁለት ወረደ። ዝም። እኔ ራሴ ያቺን ጓ ልናፍቃት ምንም አልቀረኝም።

«ጠፍቷል» አሉ እትዬ። «ጥሩ ነው።»

ወደ አባቴ ዞርኩ። «እትዬ እንዲህ ያለ ሾፌር ከዚህ በፊት አልተወለደም፣ ወደፊትም አይወለድም፣ መኪናዋን ለልጅ ልጆቹ ጭምር ሰጥቼዋለሁ ይላሉ።»

«እኔ?» አሉ እትዬ።

አባቴ በመስታወቱ ውስጥ ፊታቸውን አየ። የመንገዱን ዳር ይዞ ቆመ፤ ሞተሩን አጠፋ። «ሬዲዮ፣ ውረጂ» አለኝ።

ከሥራ ገበታዬ ተነስቼ አላውቅም። ወርጄ በመስኮቱ በኩል አየሁ። አባቴ ሙሉ በሙሉ ወደ ኋላ ዞሮ ተቀምጧል። ይናገራል። በሁለት እጁ ሁለት ጆሮውን ያዘ። ወዲያው ገባኝ፤ «መኪናዋ ዳግመኛ ከጮኸች ጆሮዬን ይቁረጡት» ብሎ እየተወራረደ ነው። እትዬ እኮ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ያ ቦርሳ ያለ መቀስ ውሎ አያውቅም። ቦርሳቸውን ከፈቱ። እጃቸውን እስከ ክርናቸው አስገቡ። በሩን ልከፍት እጀታውን ስይዝ ያወጡት መሐረብ ሆነ። አፍንጫቸውን ተናፈጡበት።

የተባባሉትን ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ከእትዬ ነው። «ያን የሚንኳኳውን ያገኘሁት በእጄ ነው» ብሏቸዋል። «ጆሮዬ ሄዷል። ተሳፋሪ የሚለውን የምትነግረኝ ልጄ ናት። መኪናዎን የሚወስዱ ከሆነ ዛሬ ይውሰዱ፤ ደብቄዎት ግን ከእንግዲህ አልነዳም።» እሳቸውም ወደ እሱ ጠጋ ብለው፣ «የወንድሜ ልጅ እሑድ እሑድ ሲነዳት ያን ጓጓታ ይሰማ ነበር። ሙዚቃውን ከፍ ያደርግበታል። ሳይሰማ ያገኘው ይሻለኛል» ብለውታል።

ያኔ ግን መስኮቱን ዝቅ አድርገው ወደ እኔ ብቅ አሉ። «አንቺ፣ ሰው የተናገረውን ለአባትሽ የምትደግሚለት አንቺ ነሽ?»

«አዎ እትዬ። ከእኔ የሚሻል የለም።»

«ያላልኩትን?»

«አሳምሬ ነው።»

ከመሐረቡ ሥር የወጣው ሳቅ ይሁን ሌላ እስካሁን አላወቅኩም። «ሐኪም እስኪያየው መኪናዋ ትቁም» አሉ። «ቁልፉ እሱ ጋ ይሁን።»

*

ሐኪሙ ምን እንዳደረገው አልነገሩኝም። አንድ ቀን ብቻ አባቴ በሸሚዙ የደረት ኪስ የክብሪት ሣጥን የሚያህል ነገር ይዞ መጣ። ከእሱ ቀጭን ሽቦ ወጥቶ ጆሮው ውስጥ ይገባል።

ሌላ ሬዲዮ ገዝቷል።

እንዴት እንደተሰማኝ አልናገርም። ከእኔ ያነሰች፣ ቀሚስ የሌላት፣ ኪስ ውስጥ የምትገባ ሬዲዮ። እናቴ ከኋላው ቆማ በቀስታ ጠራችው፤ ወዲያው ዞረ። እሷ ማዕድ ቤት ገብታ ብዙ ቆየች። ኩርፊያው ማለቁ አስደሰተኝ፤ ከሥራ መባረሬ ግን አልቀረም።

በማግስቱ አብሬው ወጣሁ። የመጀመሪያዋ ተሳፋሪ «እዚህ ጋ» አለች።

«ሴትዮዋ መውረድ አልፈለገችም ነበር፤ ምን ታድርግ፣ ደርሳለች...» ብዬ ጀመርኩ።

«አላለችም» አለ አባቴ በዝግታ። ድምፁም ዝቅ ብሏል።

ከዚያ ወዲያ ዝም አልኩ። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ነዳ። ሰዎች ይገባሉ። «እዚያ።» «ወደ ቀኝ።» «ቶሎ በል።» አንዱማ «ምን ዓይነት አሮጌ መኪና ነው» አለ። አባቴ በየጊዜው በመስታወቶቹ ውስጥ ያያቸዋል፤ አንድ ነገር እንደጠፋበት ሰው። ማንም አላመሰገነውም። ማንም ተደላድዬ ሄድኩ አላለውም።

የመጨረሻዋ ተሳፋሪ፣ አንዲት አሮጊት፣ ወርዳ በሩ ሲዘጋ መኪናዋን ዛፍ ሥር አቆማት። እጁን ወደ ደረት ኪሱ ላከ። ከሣጥኗ ጎን ትንሽ ቀለበት አለች፤ ቀጭ አድርጎ አጠፋት። ሽቦውን ከጆሮው አወጣ። ከዚያ እንደ ድሮው ዓይኑን ከንፈሬ ላይ ተከለ።

«ሬዲዮ፣ ያቺ አሮጊት ምን ነበር ያለችው?»

ነገርኩት። እስኪመሽ ነገርኩት።

*

አሁን እኔ አውቶቡስ እነዳለሁ። ከባቡር ቢረዝም እንጂ አያጥርም። አባቴ ሰማንያን አልፏል፤ በጆሮው ያለችው ነገር ደግሞ ከባቄላ ፍሬ አንሳለች። ሐሙስ ሐሙስ እየመጣ ከጀርባዬ ካለው ወንበር ይቀመጣል። መዳፉን ወለሉ አጠገብ ያለው ብረት ላይ አድርጎ፣ «የኋላ ዘንግሽ ዘይት ያልተቀባ ነገር አለው» ይለኛል፤ ጋራዥ ስወስደው እውነትም ይገኝበታል።

ያለፈው ሐሙስ ፌርማታ ላይ ስቆም አንድ ወጣት ወደ በሩ እየተጋፋ፣ «ቀስ አትይም፣ እቃ የጫንሽ መሰለሽ?» አለኝ።

አባቴ ሰምቶታል፤ ቅንድቡ ተነሳ። ከዚያ ባቄላዋን ከጆሮው አውጥቶ በደረት ኪሱ ከተታትና በመስታወቱ ውስጥ ወደ እኔ ተመለከተ።

«ምን አለ?»

ዞሬ አፌን አሳየሁት። «ደመና ላይ የተቀመጥኩ ነው የመሰለኝ፤ እንዲህ ያለች ሾፌር ያሳደገውን ሰው ሳልጨብጥ አልወርድም ይላል።»

አባቴ ወደ ወጣቱ ዞሮ እጁን ዘረጋ። ልጁ እጁን አየ፣ እኔን አየ፣ በሩን አየ። ከዚያ፣ ይባረክ፣ ጨበጠው።